ቀሪውን ዕይታ ማሠራት፦ ከዝቅተኛ ዕይታ ጋር ለመኖር የሚረዱ ዘዴዎችና መሣሪያዎች

እናቴን የመረመራት ሐኪም ካርዷን አጥፎ «ከዚህ በላይ መነጽር አይረዳትም» ባለን ዕለት ማታ እኅቶቼ የቡናውን ጀበና ከእጇ ወሰዱባት። በማግሥቱ ዳዊቷ ከራስጌዋ ተነሥቶ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ሳምንት ሳይሞላ ብቻዋን ገበያ መውጣቷም ቀረ። ሁሉም የተደረገው በፍቅር ነው፤ ሁላችንም «እማዬ፣ ዓይንሽን አታድክሚው» እንላት ነበር። ከዚህ አነጋገር ሥር ያለው፣ የቀረው ዕይታ እንደ ሻማ ሲጠቀሙበት የሚያልቅ ነው የሚል እምነት ሲሆን፣ እምነቱ ግን ስሕተት ነው። ማንበብ፣ መስፋት ወይም ወረቀትን አፍንጫ ድረስ ማስጠጋት ዓይንን ሊያታክት፣ ራስንም ሊያሳምም ይችላል እንጂ የታመመውን ሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ወይም የዓይን ነርቭ ከነበረበት አያብስም። ሲደክም ያሳርፉታል፤ ሲያርፍ ይቀጥላሉ። በእኛ ቤት ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ያህል ፈጅቶብናል፤ በዚያ ዓመት እናቴ ከዕይታዋ ይልቅ ሥራዋን ነበር ያጣችው።

የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት መለኪያ መሠረት ዝቅተኛ ዕይታ አለበት የሚባለው፣ ሕክምናውም መነጽሩም የሚችሉትን ካደረጉ በኋላ በተሻለው ዓይኑ ከ6/18 በታች የሚያይ፣ ወይም ዙሪያው ተዘግቶበት የዕይታው ስፋት ከመካከሉ 10 ዲግሪ የማይሞላ፣ ነገር ግን በዚያው በቀረው ዕይታ አንድ ሥራ ለመሥራት የሚችል ሰው ነው። 6/18 ማለት ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር የሚለየውን ፊደል ለመለየት እስከ 6 ሜትር ድረስ መቅረብ ግድ ይላል ማለት ነው። በተለምዶ «ጭላንጭል አለው» የምንለው ይህንኑ ሰው ነው፤ ሆኖም ጭላንጭል የሚለው ቃል የመንገዱን ጉድጓድ አይቶ እያለፈ ጋዜጣ ማንበብ የማይችለውንም፣ ጋዜጣ እያነበበ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውንም በአንድነት ስለሚጠራ፣ ምን ዓይነት ዕርዳታ እንደሚያስፈልግ አይነግረንም።

በቅድሚያ የሚታከመውን መለየት

አጉሊ መነጽር ከመግዛትዎ በፊት ሊታከም የሚችል ነገር አለመቅረቱን ያረጋግጡ። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዝቅተኛ ዕይታ ያለው መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከዚህ አኃዝ ይልቅ ትኩረት የሚስበው መንስኤው ነው፤ ከዝቅተኛ ዕይታው 42.3 በመቶው በዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ 33.4 በመቶው ደግሞ ትክክለኛ መነጽር ባለማግኘት የመጣ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ በጥናቱ «ዝቅተኛ ዕይታ» ከተባሉት ሰዎች የሚበዙት በቀዶ ሕክምና ወይም በተራ መነጽር ዕይታቸው ሊመለስ ወይም ሊሻሻል የሚችል ነበሩ። የአባትን ዓይን «ዕድሜ ነው» ብሎ መተው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ ሦስት ጥያቄዎችን ጽፈው ይሂዱ። የሕመሜ ስም ምንድን ነው? የጠፋው የዕይታዬ ክፍል የትኛው ነው፣ እየጨመረስ ይሄዳል? በቁጥር ስንት አያለሁ? ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነው፤ በኋላ አጉሊ መነጽር ለመምረጥ መነሻ የሚሆነው ግን እሱ ነው። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደርና በጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉት የዓይን ሕክምና ክፍሎች ባለሙያ የሚያሠለጥኑ በመሆናቸው፣ መነጽር ብቻ ከሚሠራ ቤት ይልቅ «የዝቅተኛ ዕይታ ምርመራ ታደርጋላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ወደ እንደነዚህ ያሉት መሄድ ይሻላል። ይህን ምርመራ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ኦፕቶሜትሪስቱ (ዕይታን የሚለካውና መነጽር የሚያዘው ባለሙያ) ነው፤ ሐኪሙ «ሕክምናው አልቋል» ሲል የኦፕቶሜትሪስቱ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ዕይታው በድንገት ከወረደ፣ ብልጭታ ከታየ፣ እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ከወረደበት፣ ቀጥ ያለው የበር መቃን ተጣሞ መታየት ከጀመረ ወይም ዓይኑ ቀልቶ ከፍተኛ ሕመም ካለው ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን መታየት ያስፈልጋል።

የጎደለው የትኛው ነው

የማኩላ (የሬቲናው መካከለኛ ክፍል) ሕመም የዕይታውን መካከል ይወስዳል። ሰውየው የቤቱን ዕቃ ሳይነካ ያልፋል፣ ነገር ግን ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ፊቱ ያለበት ቦታ ጭጋግ ነው፤ ፊደልም እንዲሁ። ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) እና ሬቲናይተስ ፒግሜንቶሳ የሚባለው በዘር የሚመጣ ሕመም ደግሞ በተቃራኒው አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ይጀምራሉ፤ መካከሉ እስከ መጨረሻው ሊቆይ ስለሚችል፣ መርፌ የምታየዋ ሴት በርጩማ ተደናቅፋ ስትወድቅ ሰው «ሆን ብላ ነው» ይላታል። ትራኮማ የዓይን ቆቡን ፀጉር ወደ ውስጥ ቀልብሶ ብሌኑን ከፋቀ በኋላ የሚተወው ጠባሳም ሆነ የሞራ ግርዶሽ ብርሃንን ይበትናል፤ ለእንዲህ ያለው ዓይን ጠንካራ ብርሃን ራሱ ግድግዳ ነው። በስኳር በሽታ የተጎዳ ዓይን ጠዋት ያየውን ማታ ላያየው ይችላል። ከዚህ በታች ከተጠቀሱት ዘዴዎች አንዱ ለአንዱ መድኃኒት፣ ለሌላው እንቅፋት የሚሆነው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው።

ከመሣሪያ በፊት፦ ማቅረብ፣ ማብራት፣ ማጉላት በቀለም

አንድን ነገር በእጥፍ ለማጉላት የመጀመሪያው ርካሽ መንገድ ርቀቱን በግማሽ መቀነስ ነው። ቴሌቪዥኑን ከ3 ሜትር የሚያይ ሰው ወንበሩን ወደ 1 ሜትር ተኩል ቢያቀርብ ባለ ሁለት እጥፍ ማጉሊያ የገዛ ያህል ነው። ልጅ መጽሐፉን አፍንጫው ላይ ቢለጥፍ ተዉት፤ የልጅ ዓይን በቅርብ የማስተካከል አቅሙ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ያለ ማንም ዕርዳታ ከ10 ሳንቲ ሜትርም ባነሰ ርቀት ማንበብ ይችላል። የሩቁን የማያይ (ባለ «ማይነስ» መነጽር) ሰው ደግሞ ሲያነብ መነጽሩን አውልቆ ቢያስጠጋ ብዙ ጊዜ ይሻለዋል።

ብርሃንም የርቀት ጉዳይ ነው። ከጣሪያ ላይ ያለውን አምፖል በትልቅ ከመለወጥ፣ አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት ገዝቶ ማስጠጋት ይበልጣል፤ መብራቱን ከ60 ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ቢያቀርቡት ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። መብራቱ በተሻለው ዓይን በኩል፣ ከትከሻ ኋላ ወይም ከጎን፣ ክዳኑም ከዓይን ደረጃ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ብርሃኑ ወረቀቱን እንጂ ዓይንን መምታት የለበትም። እንግዳ ሲመጣ በአክብሮት የምናስቀምጥበት ወንበር ብዙ ጊዜ በርና መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ዝቅተኛ ዕይታ ላለው ሰው ግን ይህ የቅጣት ወንበር ነው፣ የሚያናግረውን ሰው ሁሉ ጥቁር ጥላ አድርጎ ያሳየዋልና። ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ይቀመጥ። ለጠባሳና ለሞራ ዓይን ብርሃኑን ከመጨመር ይልቅ ነጸብራቁን መቀነስ ይቀድማል፤ ባለ ጥላ ባርኔጣ ወይም ግንባር ላይ ዝቅ ብሎ የታሰረ ነጠላ፣ ከቤት ውጭ ደግሞ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያለው መነጽር ብዙ ይረዳል። ጥቁር መነጽር ብርሃኑን ብቻ ሳይሆን ዕይታውንም ስለሚቀንስ ፀሐይ ላይ ወጥተው ሳይሞክሩት አይግዙ።

ሦስተኛው ዘዴ ተቃራኒ ቀለም ነው፤ በዚህ ረገድ የእኛ ማድቤት ከሚገመተው በላይ የተመቸ ነው። ጥቁር ቡና በነጭ ሲኒ ውስጥ ከፍታው ይታያል፤ ወተት በነጭ ሲኒ ግን አይታይም፣ ስለዚህ ለወተት ጠቆር ያለ ኩባያ ይለይለት። ሊጡ ጥቁሩ ምጣድ ላይ ሲዞር ነጭ መሥመሩን ይከተሉታል፤ እናቴን የከበዳት ማዞሩ ሳይሆን ዓይኑ መውጣቱን ማየት ነበር፣ እሱንም ከጥቂት ቀን ልምምድ በኋላ አክንባሎውን እስክትደፋ የምትቆጥረው ቁጥር ተካው። ነጭ ሽንኩርት ጥቁር መክተፊያ ይፈልጋል። በርበሬና ሚጥሚጣ፣ ስኳርና ጨው በተመሳሳይ ዕቃ መቀመጥ የለባቸውም፤ ግድ ከሆነም በአንደኛው ዕቃ አንገት ላይ ወፍራም ላስቲክ ይታሰር። የምድጃው ማጥፊያ የሚቆምበት ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ደማቅ የጥፍር ቀለም ቢጨመር፣ ሲደርቅ ጎላ ብሎ ስለሚቀር ዓይንም ጣትም ያገኘዋል። የደረጃው ጫፍ ላይ ቢጫ ፕላስተር ይለጠፍ፤ በተለይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደረጃ ላይ፤ ሰው የሚወድቀው «አበቃ» ብሎ በሚያስብበት ቦታ ነውና። በር ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ወይ ይዘጋ፤ በግማሽ የተከፈተ በር ጠርዙ ፊት ለፊት ስለሚሆን ከማንም ዓይን የተደበቀ ነው።

መድኃኒት ላይ ቀልድ የለም። የጠዋቱ ጠርሙስ አንድ ላስቲክ፣ የማታው ሁለት ላስቲክ ይታሰርለት። በረኪናም ሆነ ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ቤት ውስጥ አይቀመጥ። የዓይን ጠብታንም ሱፐር ግሉ ካለበት መሳቢያ ያርቁ፤ ሁለቱ ትንንሽ ጠርሙሶች በቅርጽም በክብደትም ስለሚመሳሰሉ፣ ሙጫውን ዓይናቸው ላይ ያንጠባጠቡ ሰዎች በየአገሩ ሆስፒታል ደርሰዋል።

አጉሊ መነጽር መምረጥና መያዝ

የመነጽር ጉልበት በዳዮፕተር ይለካል። ዳዮፕተሩን ለ4 ሲያካፍሉ የማጉላት እጥፉን ያገኛሉ፤ 20 ዳዮፕተር 5 እጥፍ ማለት ነው። 100ን ለዳዮፕተሩ ሲያካፍሉ ደግሞ ወረቀቱ ከመነጽሩ ስንት ሳንቲ ሜትር ሊርቅ እንደሚገባ ያውቃሉ፤ ለዚያው መነጽር 5 ሳንቲ ሜትር ነው። በየመንገዱ ከሚሸጡት መካከል መዳፍ የሚያክል ሰፊ ሆኖ እጀታው ላይ «10 እጥፍ» የተጻፈበት አይጠፋም፤ እኔም አንድ ጊዜ ለእናቴ ገዝቼ ነበር፣ ስለካው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆነ። መነጽር ጉልበቱ በጨመረ መጠን ስፋቱ ማነሱ የማይቀር ስለሆነ፣ ሰፊም ብርቱም ነኝ የሚለውን አይመኑ።

ልኬቱን ራስዎ ማድረግ ይችላሉ። ቀን ላይ ከመስኮት ትይዩ ያለ ግድግዳ አጠገብ ይቁሙ፤ መነጽሩን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ይያዙና ቀስ እያሉ ያርቁት። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ዛፍ ወይም ጣሪያ ተገልብጦ፣ ትንሽ ሆኖ፣ ግድግዳው ላይ ጥርት የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ በመነጽሩና በግድግዳው መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መነጽሩ 10 ዳዮፕተር፣ እጥፉም ሁለት ተኩል ነው። ሻጩ ፈገግ ቢልብዎ ቅር አይበልዎ። ይኸው ብርሃንን የመሰብሰብ ባሕርይ እሳትም ስለሚያስነሳ፣ መነጽሩን ፀሐይ የሚገባበት ጠረጴዛ ላይ ክፍት አድርገው አይተዉት።

መነሻው ስንት ይሁን? ሐኪሙ የሰጠዎት ቁጥር እዚህ ላይ ይጠቅማል። የታችኛውን ቁጥር ለላይኛው ያካፍሉ፤ 6/60 ለሚያይ ሰው 10 ዳዮፕተር፣ 6/120 ለሚያይ 20 ዳዮፕተር የጋዜጣ ያህል ፊደል ለማንበብ መነሻ ይሆናል። መነሻ ነው፤ በተለይ ለአማርኛ አንባቢ። ፊደላችን ድምፁን የሚለውጠው በጥቂት ጭረት ስለሆነ፣ «ቡ» ከ«ቢ» የሚለየው ቅጥያው ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኑ፣ «ቢ» ከ«ቤ» የሚለየው ደግሞ እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት በመዘጋቷ ብቻ ነው። የቃሉን መልክ አይቶ መገመት የሚቻለው እስከተወሰነ ድረስ ነው፤ «ሰበረ»ን ከ«ሰባራ» ለመለየት ቅጥያው መታየት አለበት። ስለዚህ ሲሞክሩ የእንግሊዝኛ መሞከሪያ ካርድ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ የሚያነቡትን መጽሐፍ ይዘው ይሂዱ። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲልም «ማጉሊያ» ብቻ አይበሉት፤ ዳዮፕተሩን፣ በእጅ የሚያዝ ወይም የሚቆም መሆኑን፣ መብራት ያለው መሆን አለመሆኑን ጽፈው ይላኩለት።

አያያዙም ትምህርት ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው መነጽሩን ከወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ራሱን ወደ ኋላ ይሰበስባል፤ በዚህ ጊዜ የሚያየው ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ ነው። መነጽሩን ወደ ዓይንዎ ያስጠጉ፣ ከዚያም ወረቀቱን ጥርት እስኪል ድረስ ወደ መነጽሩ ያምጡት፤ ወዲያው አንድ ሙሉ ቃል፣ ምናልባትም ሁለት ይገባልዎታል። ክርንዎ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ራስዎን ከማዞር ወረቀቱን ከቀኝ ወደ ግራ ያንሸራትቱት። እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወረቀቱ ላይ በእግሩ የሚቆመው ዓይነት ይሻላል፤ ርቀቱን እሱ ራሱ ስለሚጠብቅ የእጅ ጸጥታ አያስፈልገውም። ለዋጋ፣ ለመድኃኒት ስምና ለስልክ ቁጥር በእጅ የሚያዘው ይበቃል፤ ለረጅም ንባብ ግን ሁለቱንም እጅ ነፃ የሚያወጣው፣ በመነጽር ፍሬም ላይ የሚገጠመው ይመረጣል።

ዙሪያው የተዘጋበት ሰው ግን ማጉላትን ይፍራ። በጠባብ ቀዳዳ ለሚያይ ዓይን ፊደሉ በጎላ ቁጥር የሚገባው ፊደል ይቀንሳል፤ ለእሱ ብርሃንና ደማቅ ጽሑፍ ይቅደሙ።

ገንዘብ ከማያስወጡት መሣሪያዎች ሁሉ እኔ የማስቀድመው ጥቁር ካርቶን ነው። በአንድ መሥመር ቁመትና በመጽሐፉ ወርድ ልክ መስኮት ይቁረጡለትና ገጹ ላይ ያስቀምጡት፤ ከነጩ ወረቀት የሚመጣውን ነጸብራቅ ይሸፍናል፣ ዓይንም መሥመር አይስትም። ትንሽ መስኮት ያለው ሌላ ካርቶን ደግሞ ባንክ ውስጥ የፊርማ ቦታ ላይ ሲያስቀምጡት፣ ፊርማው ከቦታው ሳይወጣ ይቀራል። ለመጻፍ ወፍራም ጥቁር ማርከር ይያዙ፤ ሰማያዊ እስክሪብቶ ለጭላንጭል ዓይን ከወረቀቱ ጋር ይቀላቀላል። እናቴ ዳዊቷ ወደ ራስጌዋ ከተመለሰ በኋላ መጀመሪያ የከሰሰችው ቀዩን ቀለም ነበር፤ ቅዱሳት ስሞች በቀይ የሚታተሙበት መጽሐፍ በቢጫማ ወረቀት ላይ ሲሆን ቀዩ ይጠፋል። ነጭ ብርሃን ያለው መብራት ብናቀርብላት ተሻላት፤ ያልታያትንም በቃሏ ትሞላዋለች።

ለሩቅ ነገር ባለ አንድ ዓይን ትንሽ ቴሌስኮፕ አለ፤ 4፣ 6 ወይም 8 እጥፍ ያጎላል። የሚኒባሱ ረዳት መድረሻውን ስለሚጠራ ለታክሲ ጆሮ ይበቃል፤ በቁጥሩ የሚለየውን የአንበሳ አውቶቡስ ለመያዝ፣ ተማሪ ደግሞ ሰሌዳ ለማየት ግን ይጠቅማል። ቆመው ወይም ተቀምጠው ብቻ ይጠቀሙበት፤ እየሄዱ አይሆንም፣ ርቀትን ያሳስታልና።

መካከሉ ለጠፋበት ዓይን፦ በጎን ማየት

የዕይታው መካከል የጠፋበት ሰው ነገሩን በቀጥታ ካየው ያጠፋዋል፤ ትንሽ ወደ ጎን ካየ ግን ጤናማው የሬቲና ክፍል ይይዘዋል። የትኛው ጎን እንደሚሻል ለማወቅ አንድ ዘመድ ፊት ለፊት ይቀመጥና ፊቱ የግድግዳ ሰዓት እንደሆነ ያስቡ። መጀመሪያ ወደ 12፣ ቀጥሎ ወደ 3፣ ወደ 6፣ ወደ 9 እያዩ በየትኛው ጊዜ አፍንጫውና አፉ ይበልጥ እንደሚገለጥ ያስተውሉ። ያ አቅጣጫ ከታወቀ በኋላ በየቀኑ 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ መጀመሪያ በትልልቅ ፊደላት፣ ቀጥሎም በአጭር ቃል መለማመድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያናድዳል፤ ዓይን በልማዱ ወደ መካከል ይመለሳል። ሰው ደግሞ «ሳናግራት ወደ ጣሪያ ታያለች» ማለቱ አይቀርም፤ አስቀድሞ መንገር ነው።

ስልክ

ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ያለው ስልክ ቀላል የማይባል ማጉሊያ ነው። የመድኃኒቱን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ በሁለት ጣት መለጠጥ ብቻ ብዙ ችግር ያቃልላል። በአንድሮይድ ስልክ ቅንብሮች ውስጥ «ተደራሽነት» የሚለውን ከፍተው የማጉላት አገልግሎቱን ካበሩ፣ ስክሪኑን ሦስት ጊዜ በፍጥነት ሲነኩት ይጎላል፣ በሁለት ጣት ይንቀሳቀሳል። በአይፎን ደግሞ ማጉያው ከበራ በኋላ በሦስት ጣት ሁለት ጊዜ መንካት ነው። ፊደሉን ማሳደግና ጥቁሩን ገጽታ ማብራት አብረው ይምጡ፤ ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ላይ ለሞራና ለጠባሳ ዓይን ትልቅ እፎይታ ነው። በኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው የመደመር ምልክቱን ሲጫኑ ማጉሊያው ይከፈታል።

ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነበው ቶክባክ ወይም ቮይስኦቨር ዓይን ሲደክም ያሳርፋል፤ ነገር ግን ሲበራ የስልኩ አነካክ ሁሉ ስለሚለወጥ፣ አጥፊውን ሳያውቁ ለአዛውንት አያብሩባቸው። አማርኛን ለማንበብ ኢስፒክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራል፤ ድምፁ የማሽን ነው፣ ጆሮ ግን ከሚታሰበው ቶሎ ይለምደዋል። አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ለሌላው ሁሉ ሰው ይርዳዎት፣ የቴሌብርና የባንክ የምስጢር ቁጥርዎን ግን በማንም አያስነኩ። ረዳትዎ የጎለመሰ ልጅዎ እንኳ ቢሆን፣ ቁጥሩን በጣት ልማድ መምታት ቢለማመዱ ይሻላል።

የብር ኖቶችንም እንዲሁ ቤት ውስጥ ከሚያምኑት ሰው ጋር ይለዩ። 10 ብሩ ሳይታጠፍ፣ 50 ብሩ በወርዱ ታጥፎ፣ 100 ብሩ በቁመቱ ታጥፎ፣ 200 ብሩ በሁለቱም ታጥፎ ከተቀመጠ፣ ገበያ ላይ ጣት ያነበዋል። ለታክሲ ዝርዝሩን ለብቻ ኪስ ያዘጋጁ።

ከቤት ውጭ

ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ሲገቡ በሩ ላይ ቆም ይበሉ፤ ዓይን እስኪለምድ እስከ ሃያ መቁጠር ከመውደቅ ይሻላል። በማንበቢያ መነጽር ደረጃ አይውረዱ። ክፍት ቱቦ በበዛበት መንገድ ነጭ በትር መያዝ ለዓይነ ስውር ብቻ የተፈቀደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አይደለም። ዳር ዳሩ ለማይታየው ሰው በትሩ የእግሩን ፊት ይመረምርለታል፣ ለሹፌሩም «ይህ ሰው ላያይህ ይችላል» ብሎ ይናገርለታል። ማታ ማታ ብቻ የሚይዙትም አሉ፤ ሬቲናይተስ ፒግሜንቶሳ ላለበት ሰው ሲመሽ ዓለሙ ስለሚዘጋ ይህ ማስመሰል አይደለም።

ሥራና ትምህርትን በተመለከተ ባጭሩ፦ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል፤ የጠረጴዛ መብራትና የስክሪን ማጉሊያ መጠየቅ ልመና አይደለም። ተማሪ ከፊት ረድፍ፣ መስኮቱን በጀርባው አድርጎ ይቀመጥ፤ የፈተና ወረቀቱም ጎልቶ እንዲታተምለትና ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጠው ወላጅ ከፈተናው ቀን በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ።

ሰላምታና የሌለ ነገር

በእኛ ማኅበረሰብ ዝቅተኛ ዕይታ ካለበት ሰው ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው ምናልባት ሰላምታ ነው። ፊት ስለማይለይ የሚያውቀውን አልፎ ይሄዳል፤ ያለፈውም «ኮራብኝ» ይላል፣ የሰፈሩም ወሬ ይህ ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ እጁን ይዞ «እስቲ ማን ነኝ?» የሚለው ነው። እባክዎ ይህን ጨዋታ ይተዉ፤ ሲቀርቡ ስምዎን ይናገሩ፣ ሲሄዱም «ሄድኩ» ይበሉ። ባለ ችግሩም «ፊት አይለይልኝም፤ ካለፍኳችሁ ጥሩኝ» ብሎ በዕድሩም በማኅበሩም አንድ ጊዜ ቢናገር፣ ከብዙ ቅሬታ ይድናል።

የመጨረሻው ጉዳይ ሰዎች በምስጢር የሚይዙት ነው። እናቴ አንድ ቀን ማታ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግድግዳው ላይ የአበባ ሐረግ እየወጣ፣ አንዳንዴም ባርኔጣ ያደረጉ ትንንሽ ልጆች በሩ አጠገብ እየቆሙ እንደሚታዩዋት ነገረችኝ። ለስድስት ወር ደብቃው ነበር፤ አእምሮዋ የተነካ ወይም ክፉ መንፈስ የቀረባት መስሏት። ይህ ነገር ቻርለስ ቦኔ ሲንድረም ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1760 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ዕይታቸው የደከመ አያቱ የሚያዩዋቸውን ሰዎችና ወፎች ከመዘገበው ስዊዘርላንዳዊ ነው። ከዓይን የሚመጣው መልእክት ሲቀንስ አንጎል ክፍተቱን በራሱ ሥዕል ይሞላዋል። ሰውየው የሚያየው እውነት አለመሆኑን ያውቃል፣ ሥዕሎቹም ድምፅ የላቸውም። ጠበል መሄድ የእምነት ጉዳይ ነውና ማንም አይከለክል፤ ነገር ግን ሰውየውን «አብዷል» አሰኝቶ ማሸሽ ኃጢአት ነው። ሥዕሉ ሲመጣ መብራት ማብራት፣ ዓይንን ጨፍኖ መግለጥ፣ ራስን ሳያንቀሳቅሱ ዓይንን ብቻ ከግራ ወደ ቀኝ ደጋግሞ ማዞር፣ ወይም እጅን ዘርግቶ ወደ ሥዕሉ መቅረብ ብዙ ጊዜ ያጠፋዋል። የሚታየው ነገር የሚናገር ከሆነ፣ ሰውየው እውነት ነው ብሎ ካመነ ወይም አዲስ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ከመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሚሆን ለሐኪም ይነገር።

እናቴ ምክንያቱን ካወቀች በኋላ ልጆቹን አትፈራቸውም። ጀበናዋን መልሰንላታል፤ ነጩን ሲኒ ነጭ ረከቦት ላይ እንዳታጣው ብቻ ጥቁር ጨርቅ አንጥፈንበታል።